ተመስግኖ ያልተሸጠው ጌም ገበያውን እንዴት አገኘ?

ዕቃው ጥሩ ነው። ያየው ሁሉ ያደንቀዋል፤ መጽሔቶች ያሞግሱታል። የሚገዛው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ወር የከረመ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ዋጋ ይሰብራል? ድርጅቱን ይዘጋል? ወይስ ዕቃውን ሳይነካ መሸጫውን ይለውጣል?

እ.ኤ.አ በ2005 መጨረሻ ላይ ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር የሚገኝ የአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ኩባንያ ባለቤቶችን እንቅልፍ ነስቶ ነበር። ኩባንያው ኢንትሮቨርዥን ሶፍትዌር ይባላል። ዕቃው ደግሞ “ዳርዊኒያ” የተሰኘ የኮምፒዩተር ጌም ነው። ጌም ሲባል የልጆች መጫወቻ ብቻ የሚመስላቸው የንግድ ሰዎች ቢኖሩ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ይህ ገበያ ዛሬ በዓለም ላይ በዓመት ከ150 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚንቀሳቀስበት ነው። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ውስጥ ትንንሾቹ አምራቾች የሚደርሳቸው ድርሻ ደግሞ ከዕቃው ጥራት ይልቅ ዕቃው በማን እጅ አልፎ ገዢው ዘንድ እንደሚደርስ የሚወስነው ነው። የዳርዊኒያ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል።

ለመሆኑ ዳርዊኒያ ምንድን ነው?

በጌሙ ታሪክ ውስጥ ዶክተር ሴፑልቬዳ የሚባሉ ሳይንቲስት አሉ። እኚህ ሰው ከ1980ዎቹ የተረፉ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን አንድ ላይ አያይዘው በውስጣቸው ዓለም ፈጠሩ። በዚህ ዓለም ውስጥ የሚኖሩት “ዳርዊኒያኖች” ይባላሉ። አረንጓዴ ቀለም ያላቸው፣ ከወረቀት ተቆርጠው የወጡ የሚመስሉ ጠፍጣፋ ፍጡራን ናቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ሲሆኑ ይወለዳሉ፣ ይሞታሉ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድም እየተሻሻሉ ይሄዳሉ። ሲሞቱ ነፍሳቸው ወደ ላይ ተንሳፍፋ ትወጣለች፤ ተሰብስባ ከተመለሰች ግን አዲስ ዳርዊኒያን ይወለድባታል።

ከዕለታት አንድ ቀን በዚህ ዓለም ውስጥ የኮምፒዩተር ቫይረስ ገባ። ቀያይ እባቦች፣ ጉንዳኖችና ሸረሪቶች ደሴቶቹን ወረሩ፤ አረንጓዴዎቹን መፍጀትም ጀመሩ። ተጫዋቹ የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ነው። በአጋጣሚ ወደ ዶክተሩ ኮምፒዩተር ዘልቆ የገባ እንግዳ ነውና፣ ዶክተሩ በጥርጣሬ ተቀብለው ለእርዳታ ያሰማሩታል።

ተጫዋቹ የሚያዘው በፕሮግራሞች ነው። አንዱ ፕሮግራም ተዋጊ ጓድ ነው፤ ቫይረሱን ይመታል። ሌላው መሐንዲስ ነው፤ የወደቁትን ነፍሳት ይለቅማል፣ የተያዙ ማሽኖችንም መልሶ ወደ ሥራ ያስገባል። ቁም ነገሩ ግን በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ የሚቻለው ፕሮግራም ውስን መሆኑ ላይ ነው። ተዋጊ ለመጨመር መሐንዲስ መቀነስ ያስፈልጋል። የቆረጠ ተዋጊ ብቻ ያበዛ ተጫዋች ደሴቱን ያጸዳና የሚያሰፍርበት ሕዝብ ያጣል፤ መሐንዲስ ብቻ ያሰማራ ደግሞ ነፍስ ለቃሚዎቹን ለቫይረስ ይገብራል። ማዕድን ማውጫው፣ ኃይል ማመንጫው፣ ፋብሪካው ተራ በተራ ነፃ መውጣት አለባቸው። አረንጓዴዎቹ ራሳቸው በቀጥታ አይታዘዙም። ከመካከላቸው አንዱ መኮንን ሆኖ ይሾምና ለሌሎቹ አቅጣጫ ያሳያል። እንግዲህ ጌሙ ጦርነት ይምሰል እንጂ ከግማሽ በላይ እንቆቅልሽ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

ሐሳቡ ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1971 በአሜሪካ በቦብ ቶማስ የተጻፈው “ክሪፐር” የተባለ ፕሮግራም ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየተዘዋወረ መልእክት ይጽፍ ነበር። እርሱን እያሳደደ የሚያጠፋ “ሪፐር” የተባለ ሌላ ፕሮግራም ተሠራለት። ፕሮግራምን በፕሮግራም ማደን የተጀመረው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ በግንቦት 2000 ደግሞ “እወድሃለሁ” የሚል ርዕስ ይዞ በኢሜይል የተሰራጨው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን መበከሉ ይታወሳል። ዳርዊኒያ የወጣው ይህ ድንጋጤ ከሰው አእምሮ ገና ባልጠፋበት ጊዜ ነበር።

ከቤት የተነሳ ድርጅት

ኢንትሮቨርዥንን እ.ኤ.አ በ2001 ያቋቋሙት በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተማሩት ክሪስ ዲሌይ፣ ማርክ ሞሪስና ቶም አሩንዴል ናቸው። የሥራ ክፍፍላቸው እንደማንኛውም የሽርክና ማኅበር ነው። ሚስተር ዲሌይ ጌሙን ይሠራሉ፤ ሚስተር ሞሪስ የንግዱን ጉዳይ ይይዛሉ። ራሳቸውን “የመጨረሻዎቹ የመኝታ ቤት ፕሮግራመሮች” እያሉ ይጠሩ ነበር። በ1980ዎቹ በእንግሊዝ አገር ወጣቶች በየቤታቸው ብቻቸውን ጌም ሠርተው የሚሸጡበት ዘመን እንደነበር ለማስታወስ ነው።

የመጀመሪያ ዕቃቸው “አፕሊንክ” የተሰኘ፣ የኮምፒዩተር ሰርሳሪን ሥራ የሚያስመስል ጌም ነበር። ሲዲውን በቤታቸው ራሳቸው እየገለበጡ፣ ራሳቸው እያሸጉ፣ በኢንተርኔት ትዕዛዝ እየተቀበሉ በፖስታ ይልኩ ነበር። ትርፉ ድርጅቱን አቆመው። የሚገርመው፣ የጌሙን ምንጭ ኮድ እንኳ በሲዲ አድርገው ለሚፈልግ ሸጠዋል። የምግቡን ብቻ ሳይሆን የአሠራሩን መመሪያ ጭምር እንደ መሸጥ ማለት ነው።

በሰሜን አሜሪካ ግን አፕሊንክ በአከፋፋይ በኩል ወደ ሱቅ ገባ። ያ አከፋፋይ እ.ኤ.አ በ2004 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። አከፋፋይ ሲከስር አምራቹ ባንኮች በቀደሙበት የባለዕዳ ፈላጊዎች ሰልፍ መጨረሻ ላይ እንደሚቆም በማንኛውም ንግድ ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል።

ዘጠኝ ወር በመደርደሪያ ላይ

ዳርዊኒያን ለመሥራት ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በእነዚህ ዓመታት ኩባንያው አዲስ የሚሸጠው ዕቃ አልነበረውም፤ ካፒታሉን እየበላ ነበር ማለት ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2005 በእንግሊዝ ሱቆች ቀረበ። የጌም ሐያሲያን በአብዛኛው አመሰገኑት። ሽያጩ ግን ከተጠበቀው በታች ወረደ።

ምክንያቱን ለመረዳት የካርቶን ጌም ንግድ በዚያን ጊዜ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። አምራቹ በቅድሚያ ገንዘብ አውጥቶ ሲዲና ማሸጊያ ያሳትማል። ዕቃው ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ሱቅ ይሄዳል። ሁለቱም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ክፍያው የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሱቁ ያልተሸጠውን ዕቃ የመመለስ መብት ስላለው፣ አምራቹ ሸጥኩ ብሎ የመዘገበው ካርቶን ተመልሶ በሩ ላይ ሊከመር መቻሉ ነው። በመደርደሪያው ላይ ያለው ቦታም ውስን ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለማስታወቂያ ሚሊዮኖች እያወጡ ቦታውን ይይዛሉ። አዲስ ዕቃ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ቅናሽ ቅርጫት፤ ከዚያ ወደ መጋዘን።

ዳርዊኒያ ለዚህ ዓይነቱ መደርደሪያ የተፈጠረ ዕቃ አልነበረም። በካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ምን ዓይነት ጌም እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም። ጦርነት ነው? እንቆቅልሽ ነው? የአሮጌ ኮምፒዩተር መታሰቢያ ነው? እነዚያ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ሰዎችስ ምንድን ናቸው? ሞክሮት የወደደው ሰው ይገዛዋል። ሱቅ ውስጥ ግን መሞከሪያ የለም። የሚፈልጉት ገዢዎች በየአገሩ ተበታትነዋል፤ በአንድ ከተማ ጥቂት፣ በሌላው ከተማ ጥቂት። ሱቅ ደግሞ የሚሸጠው በሠፈሩ ለሚያልፈው ሰው ነው።

በሽቦ የመጣው ገዢ

እ.ኤ.አ በኅዳር 2005 የኢንትሮቨርዥን ሰዎች ቫልቭ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጥያቄ አቀረቡ። ቫልቭ የራሱን ጌሞች ለማደስና ከሌቦች ለመጠበቅ “ስቲም” የተባለ አገልግሎት እ.ኤ.አ በ2003 ከፍቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት “ሃፍ ላይፍ 2” የተባለውን ታዋቂ ጌሙን ሲያወጣ፣ ያለ ስቲም የማይሠራ አደረገው። ገዢዎች በወቅቱ ክፉኛ አጉረመረሙ። ሆኖም ጌሙን የፈለገ ሁሉ ስቲምን በኮምፒዩተሩ ላይ መጫን ግድ ሆነበት። ቫልቭ በዚህ መንገድ በሚሊዮኖች ቤት ውስጥ ሱቅ ከፈተ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሱቁ ግን በጊዜው ባዶ ነበር ለማለት ይቻላል። ከቫልቭ ውጭ የሆነ አምራች የመጀመሪያ ጌም የገባበት እ.ኤ.አ በጥቅምት 2005 ነው።

ዳርዊኒያ ታኅሣሥ 14 ቀን 2005 በስቲም ላይ ቀረበ። ካርቶን የለም፤ ሲዲ የለም፤ የሚመለስ ዕቃ የለም። ገዢው ገንዘቡን በካርድ ይከፍላል፤ ጌሙ በኢንተርኔት ይደርሰዋል። በየከተማው ተበታትነው የነበሩት ጥቂት ጥቂት ገዢዎች በአንድ በር መግባት ቻሉ። በሱቅ ዘጠኝ ወር የተኛው ዕቃ ተነቃነቀ፤ የተገኘው ገቢም ኩባንያው “ዴፍኮን” የተባለውን ሦስተኛ ጌም ጨርሶ እስኪያወጣ ድረስ አቆየው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በሱቅ የቀረበውም ሆነ በሽቦ የተሸጠው ጌም ያው ዳርዊኒያ መሆኑ ነው።

ክብሩም ተከትሎ መጣ። እ.ኤ.አ በመጋቢት 2006 በአሜሪካ ሳን ሆዜ ከተማ በተካሄደው የነፃ ጌሞች ፌስቲቫል ላይ ዳርዊኒያ ዋናውን ሽልማት ጨምሮ ሦስት ሽልማቶችን ወሰደ። ሚስተር ሞሪስ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ከአሳታሚ ኩባንያዎች ገንዘብ ያልወሰዱት ጌማቸውን እንዳያበላሹባቸው መሆኑን ጋዜጣ በማይደግመው ቃል ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ንግግሩ እስከዛሬ ይጠቀሳል። አጨብጫቢዎቹ ያላሰቡት ነገር ቢኖር፣ ከአሳታሚ ነፃ የወጣው ኩባንያ በሌላ ሰው መደርደሪያ ላይ መቀመጡን ነው።

ኮሚሽኑ ስንት ነው?

ይህ የሱቅ ኪራይ በኋላ የሚታወቅ ዋጋ ሆነ። የስቲም የተለመደ ድርሻ ከሽያጩ 30 በመቶ ነው። ለምሳሌ በ10 ዶላር የተሸጠ ጌም 3 ዶላሩን ለስቲም ይተዋል። ደላላ ከሽያጩ ሁለት በመቶ ሲጠይቅ ለሚቆጣ ሰው 30 በመቶ ዘረፋ ይመስላል። ከሱቁ ጋር ሲተያይ ግን ሂሳቡ ይለያል። የማተሚያ፣ የማጓጓዣ፣ የአከፋፋይና የሱቅ ወጪ ተደምሮ፣ የተመለሰው ዕቃ ኪሳራ ተጨምሮበት ለአምራቹ የሚተርፈው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ገንዘቡም ቶሎ አይመጣም።

ቫልቭ እ.ኤ.አ በ2018 መጨረሻ ላይ ደንቡን አሻሻለ። ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚሸጥ ጌም ድርሻው ወደ 25 በመቶ፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ ለሚሸጥ ወደ 20 በመቶ ዝቅ ይላል። በዚያው ሰሞን ኤፒክ የተባለው ተፎካካሪ 12 በመቶ ብቻ እወስዳለሁ ብሎ ሱቁን ከፈተ። የቫልቭ ማሻሻያ ለማን እንደጠቀመ ለማየት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። ብዙ የሚሸጥ ትልቅ አምራች ቅናሽ አገኘ፤ እንደ ዳርዊኒያ ሠሪዎች ያለው ትንሽ ድርጅት ግን በ30 በመቶው ላይ ቀረ። የጅምላ ገዢ ቅናሽ ማግኘቱ ያለ ነገር ነው፤ እዚህ ግን የኪራዩን ትልቅ ሸክም የተሸከሙት አቅም የሌላቸው ተከራዮች ሆኑ።

በሽቦ የሚሸጥ ዕቃ ሌላም ጠባይ አለው። ቡና በግዢ ዋጋው ሥር የሸጠ ነጋዴ በያንዳንዱ ኪሎ ይከስራል። ጌም ግን አንዴ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አንድ ተጨማሪ ቅጂ መሸጥ አምራቹን ምንም ያህል አያስወጣውም። ስለዚህ ዋጋውን ለአንድ ሳምንት በግማሽ ወይም በሦስት አራተኛ መቀነስ ኪሳራ አይደለም። እንዲያውም በሙሉ ዋጋ ፈጽሞ የማይገዙ ሰዎችን ያስገባል። አደጋው ገዢው ይህን መልመዱ ነው፤ ቅናሹን እየጠበቀ በሙሉ ዋጋ መግዛት ያቆማል።

ሁለተኛው ጥፋት

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለኢንትሮቨርዥን በተሻለ ነበር። ከሽልማቱ በኋላ ዳርዊኒያን ለማይክሮሶፍቱ “ኤክስቦክስ 360” መሣሪያ የማዘጋጀት ዕድል መጣ። የኤክስቦክስ ገበያ ሰፊ ነው፤ የማይክሮሶፍት ስም ትልቅ ነው። ማን እምቢ ይላል? ኩባንያው ሠራተኛ ቀጠረ፤ ብዙ ሰዎች እርስ በርስ የሚጫወቱበት “መልቲዊኒያ” የተባለ ተጓዳኝ ጌም ሠራ። መልቲዊኒያ እ.ኤ.አ በ2008 ለኮምፒዩተር ወጥቶ ሽያጩ ደካማ ሆነ። ሁለቱን አጣምሮ የያዘው “ዳርዊኒያ ፕላስ” በኤክስቦክስ የቀረበው እ.ኤ.አ በየካቲት 2010 ነው። ከሽልማቱ አራት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። እርሱም የታሰበውን ያህል አልሸጠም።

አንድ ጥሩ ዕቃ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በሌላ ሰው መስፈርት፣ በደመወዝተኛ ጉልበት መልሶ መሥራት ምን ያህል ካፒታል እንደሚበላ ያኔ ታየ። በሦስት ጓደኛሞች ቁጠባ የቆመ ድርጅት መጥፎ ዓመት ቢያጋጥመው ባለቤቶቹ ቀበቶአቸውን አጥብቀው ያልፉታል። በወሩ መጨረሻ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ኢንትሮቨርዥን ሠራተኞቹን አሰናበተ። የቆዩ ጌሞቹ በስቲም ላይ በቅናሽ መሸጣቸው ድርጅቱን ከመዘጋት እንዳተረፈው ባለቤቶቹ ራሳቸው ገልጸዋል። ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ በኅዳር 2011 ደግሞ ለየት ያለ ሽያጭ ተካሄደ። “ሃምብል በንድል” የተባለ ድርጅት የኢንትሮቨርዥንን ጌሞች በአንድ ጥቅል አድርጎ “የፈለጋችሁትን ክፈሉ” ብሎ አቀረበ። ገዢው ከሚከፍለው ላይ ስንቱ ለአምራቹ፣ ስንቱ ለበጎ አድራጎት፣ ስንቱ ለሻጩ ድርጅት እንደሚሆን ራሱ ይወስናል። በጥቅሉ ውስጥ የጌሞቹ ምንጭ ኮድ ሳይቀር ነበር። በሁለት ሳምንት ገደማ የተሰበሰበው ገንዘብ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። ዋጋ ያልተለጠፈበት ዕቃ ይህን ያህል ማስገኘቱን የሚሰማ የንግድ ሰው ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ዳርዊኒያ ያኔ ስድስት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ ሱቅ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከመጋዘን ተጠርጎ ከወጣ ቆይቷል።

ቫይረሱን የተኩት እስረኞች

በቀጣዩ ዓመት የመጣው ጌም ከቫይረስና ከአረንጓዴ ፍጡራን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። “ፕሪዝን አርክቴክት” ይባላል፤ ተጫዋቹ እስር ቤት ገንብቶ ያስተዳድራል። የአሻሻጡ መንገድ ግን ከዳርዊኒያ መከራ የተቀዳ ነው። ሦስት ዓመት ካፒታል እየበሉ ሠርቶ ማቅረብ ቀረ። እ.ኤ.አ በመስከረም 2012 ገና ሳያልቅ በ30 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ገዢው ያላለቀ ዕቃ መሆኑን አውቆ ይከፍላል፤ በየወሩ ማሻሻያ ይደርሰዋል። ቤት ሳይሠራ በቅድሚያ ክፍያ እንደ መሸጥ ነው። ልዩነቱ ገዢው መሠረቱ ሲወጣ ጀምሮ ገብቶ መኖር መቻሉ ነው። ዋጋውን ሆን ብለው ከፍ ያደረጉት ባለቤቶቹ ናቸው፤ ያላለቀ ጌም ታግሦ የሚጫወተው በእርግጥ የፈለገው ሰው ብቻ እንዲሆን ነው።

ሙሉው ጌም የወጣው እ.ኤ.አ በጥቅምት 2015 ነው። ያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጦ ነበር። እ.ኤ.አ በጥር 2019 ኢንትሮቨርዥን የጌሙን ባለቤትነት ለስዊድኑ ፓራዶክስ ኩባንያ ሸጦ ራሱን ችሎ ቀጠለ። አዲሱ ሥራው “ዘ ላስት ስታርሺፕ” ሲሆን እ.ኤ.አ በየካቲት 2023 እንደ እስር ቤቱ ሁሉ ሳያልቅ ለገበያ ቀርቧል።

ዛሬ የሚጀምር ሰው

የዳርዊኒያን መንገድ ዛሬ ልከተል የሚል ሰው ሌላ ገበያ ነው የሚጠብቀው። ያኔ ወደ ስቲም ለመግባት የቫልቭ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ የገባ ግን ብዙ ተፎካካሪ አልነበረውም። እ.ኤ.አ ከ2017 ወዲህ በሩ ክፍት ነው። 100 ዶላር የከፈለና አነስተኛ መስፈርት ያሟላ ማንም ሰው ጌሙን ያስገባል። ሽያጩ 1,000 ዶላር ከደረሰ መቶው ይመለስለታል። ውጤቱም እ.ኤ.አ በ2024 ብቻ ከ18 ሺህ በላይ አዳዲስ ጌሞች ወደዚያ ሱቅ መግባታቸው ነው። ይህም በቀን ወደ 50 ገደማ መሆኑ ነው። መደርደሪያው ወሰን የለውም፤ የገዢው ዓይን ግን ወሰን አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማን ይታይ የሚለውን የሚወስነው የስቲም ፕሮግራም የድሮውን የሱቅ ሥራ አስኪያጅ ቦታ ይዟል። ለአምራቾች ድርድር አያውቅም።

በዚህ የተነሳ ዛሬ ልምድ ያላቸው ትንንሽ አምራቾች ጌማቸው ከመውጣቱ ከወራት በፊት በስቲም ላይ ገጽ ይከፍታሉ። ፈላጊ ሰዎች ስማቸውን በምኞት ዝርዝር ላይ ያስመዘግባሉ። በመጀመሪያው ቀን ለእነዚህ ሰዎች ማስታወቂያ ይላካል፤ የዚያን ቀን ሽያጭ ደግሞ ቀሪውን ይወስናል። ዝርዝሩ ግን በስቲም እጅ ያለ ነው። አምራቹ የገዢዎቹን ቁጥር ያያል፤ ስማቸውንና አድራሻቸውን አያውቅም። አፕሊንክን በፖስታ ይልኩ የነበሩት ሦስት ወጣቶች እያንዳንዱን ደንበኛ ከነአድራሻው ያውቁት ነበር።

ዳርዊኒያ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። አሁንም በስቲም ላይ ይሸጣል፤ በቅናሽ ሰሞንም ከጥቂት ዶላር አያልፍም።